ጋኑን የሠራው ማን ነው?

እኛ ወይንን ያወቅነው ከአፋችን አስቀድሞ በጆሯችን ነው። ኖኅ ተክሎት ጠጥቶ የሰከረበትን፣ በቃና ዘገሊላ ሠርግ ከውኃ የተለወጠውን፣ በመኃልየ መኃልይ የተወደሰውን ወይን ብዙዎቻችን ገና ፊደል ሳንቆጥር ሰምተነዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን የሚቀርበውም ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ነውና፣ የወይን ዘለላ በዓይኑ ሳያይ የወይንን ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ጥቂት አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። መጠጡን «ወይን ጠጅ» የምንለው የሩቁን በቅርቡ ለክተን፣ ማር ተበርዞ ጌሾ ገብቶበት የሚጣለውን የቤታችንን ጠጅ መስፈሪያ አድርገን ነው። ከዚያም አልፈን ቀለም ሰይመንበታል። ጥቂት ወይን ጠጅ የቀመሰ ሰው ባለበት አገር ወይን ጠጅ ቀሚስ የሌላት ሴት አልነበረችም ብል ብዙ አላጋነንሁም።

እኔም በማር የለመደ ምላስ ይዤ ነው ወደ ጆርጂያ የሄድሁት። ዛሬ የማወጋችሁ እዚያ ስለቀመስሁት አንድ ጽዋ ደረቅ ቀይ ወይን ነው። የወይን ዐዋቂ አይደለሁም፤ ስለ ወይን የሚጻፈውን ሁሉ የማምንም አይደለሁም። ነገር ግን ያ ጽዋ አንድ ጥያቄ ይዞብኝ መጣና እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጥያቄውን ለብቻዬ ከምሸከመው ለእናንተም ባካፍላችሁ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ለሥራ ጉዳይ ትብሊሲ ሰንብቼ፣ ሥራው ሲያልቅ በቀረኝ አንድ ቀን ወደ ምሥራቅ፣ ካኬቲ ወደሚባለው የወይን አገር ተጓዝሁ። ወሩ የእኛ መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን የቀረው ነበር። በእነርሱ ዘንድ ይህ ጊዜ «ርትቬሊ» የሚባለው የወይን ለቀማ ወቅት ነው። የአላዛኒ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር በወይን ተክል ተሸፍኗል፤ ከማዶ የካውካሰስ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በመንገዱ ላይ ወይን የጫኑ ትንንሽ መኪኖች ይመላለሳሉ፤ በየደጃፉ ሰው ሁሉ እጁ እስከ ክርኑ ቀልሟል። እኛ ያረፍንበት ቤት ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። ሰባውን ያለፉ አንድ አዛውንት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት፣ ጓሮው ወይን የሆነ የገበሬ ቤት ነው። አዛውንቱ ከጆርጂያና ከሩሲያ ቋንቋ በቀር አያውቁም፤ የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ያስተረጉምልን ነበር።

ወይን ወደሚቀመጥበት ቤት አስገቡን። «ማራኒ» ይሉታል። በርሜል ወይም የብረት ጋን አያለሁ ብዬ ጠብቄ ነበርና ባዶ ወለል ሳይ ግር አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳስተውል በወለሉ ላይ ክብ ክብ ክዳኖች አየሁ። ከእያንዳንዱ ክዳን ሥር ሰው ቆሞ ሊገባበት የሚችል የሸክላ ጋን ተቀብሯል። «ክቬቭሪ» ማለት ይህ ነው፤ ቅርጹ የእንቁላል፣ ታቹ የሾለ፣ አፉ ብቻ ከመሬት ጋር የተስተካከለ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ትንሽ አለ፤ ሺህዎች ሊትር የሚይዝም አለ። አንዱን ክዳን ሲያነሡልን ከውስጥ የመፍላት ድምፅ ተሰማ። ጠጅ በሚጣልበት ቤት ያደገ ሰው ያን ድምፅ አይስተውም። አገሩ ሌላ፣ ፍሬው ሌላ፣ ድምፁ ግን የአያቴ ጓዳ ድምፅ ነበር።

አሠራሩን እንደነገሩኝ ላስረዳ። የተለቀመው ወይን ከትልቅ ግንድ በተቦረቦረ ገንዳ ውስጥ በእግር ይረገጣል፤ ዛሬ በትንሽ መፍጫ የሚጨምቁም ብዙዎች ናቸው። ጭማቂው ከልጣጩና ከዘሩ ጋር፣ አንዳንዴም ዘለላውን ከያዘው ቀንበጥ ጋር እንዳለ ወደ ጋኑ ይገለበጣል። ከውጭ የሚጨመር እርሾ የለም፤ በልጣጩ ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ይበቃል። መፍላት ሲጀምር ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋልና በቀን ብዙ ጊዜ በረጅም እንጨት ወደ ታች ይደፈቃል። ነጩ ወይን እንዲህ ከድፍድፉ ጋር እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል፤ ቀዩ ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለያል። ከዚያ ንጹሕ ወደሆነ ሌላ ጋን ይዛወርና አፉ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ጋኑ መሬት ውስጥ ስለሆነ በጋውም ክረምቱም እምብዛም አይነካውም። አተላው ቀስ እያለ ወደ ሾለው ታች ይወርዳል፤ መራራው ዘር ከሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ ወይኑ በራሱ ጊዜ ይጠራል። ከተረፈው ልጣጭ ደግሞ አረቄ ያወጣሉ። የሚጣል ነገር የለም።

አንድ ነገር ለየት አድርጌ ጠየቅሁ፤ ሸክላ ይመጣል፣ ያንጠባጥባል፤ እንዴት ይህን ያህል ወይን ይይዛል? አዛውንቱ ጣታቸውን በጋኑ አፍ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አሻሹና አሳዩኝ። ሰም ነው። ጋኑ ተተኩሶ ከወጣ በኋላ ገና ትኩስ ሳለ የንብ ሰም ቀልጦ ውስጡን ይቀባል፤ ሰሙ በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ይዘጋቸዋል። በእኛ አነጋገር ጋኑ በሰም ይሟሻል ማለት ነው። ሰሙ አይሸትም፤ ለወይኑም ጣዕም አይሰጥም። በሸክላውና በወይኑ መካከል ሳይታይ ይቀመጣል። ይህችን ሰም እባካችሁ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚህ በኋላ ቀመስን። ባለፈው ዓመት የተጣለውን፣ ሳፔራቪ ከሚባለው ዝርያ የተሠራውን ቀይ ወይን በቅል መጥለቂያ ቀድተው በሸክላ ጽዋ ሰጡን። ቀለሙን ልግለጽ ብል «ቀይ» የሚለው ቃል ያንሰኛል። ጥቁር ሊባል ምንም አልቀረውም፤ ጽዋውን አዘንብዬ ጠርዙን ሳይ ግን ያው ከልጅነቴ የማውቀው ወይን ጠጅ ቀለም ብልጭ አለልኝ። «ሳፔራቪ» በቋንቋቸው ማቅለሚያ ማለት ነው። የብዙው ቀይ ወይን ፍሬ ቀለሙ በልጣጩ ላይ ሲሆን ሥጋው ነጣ ያለ ነው፤ የሳፔራቪ ግን ሥጋውም ቀይ ነው። እኛ በወይን ስም ቀለም ሰየምን፤ እነርሱ በቀለም ስም ወይን ሰየሙ።

ሽታው መጀመሪያ የበሰለ ጥቁር እንጆሪ ይመስላል። ቆይቶ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ይሆናል። ከዚያም ሩቅ ቦታ የነደደ የእንጨት ጭስ የመሰለ ነገር ይከተላል። ሽታው አባብሎኝ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ጠበቅሁ፤ ተጎነጨሁም። እውነቱን ልናገር፤ አልወደድሁትም። መጀመሪያ ኮመጠጠኝ። ቀጥሎ ያልበሰለ ሙዝ የነከስሁ ያህል ድዴንና ምላሴን ያዘኝ፤ አፌ ደረቀ። ፊቴ ሳይጨማደድ አልቀረም መሰለኝ፣ አዛውንቱ ሳቁና አንድ ነገር ተናገሩ። የልጅ ልጃቸው ሲተረጉመው «ገና አልተዋወቃችሁም» ማለታቸው ነበር።

ወደ ማዕዱ ወሰዱን። በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተጋገረ ዳቦ፣ ጨው የበዛበት አይብ፣ በለውዝ የተሞላ ደብርጃን፣ በደረቀ የወይን ሐረግ ፍም ላይ የተጠበሰ ሥጋ ቀርቧል። ሥጋውን ጎርሼ፣ ጮማው አፌ ውስጥ ሳለ ያንኑ ወይን ደግሜ ተጎነጨሁ። ያ ድድ የሚይዘው ነገር ጮማውን አገኘና ለዘበ። ኮምጣጤው ሥጋውን አጠበ፤ ከኋላ ደግሞ ቅድም ያልነበረ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣና ቶሎ የማይሄድ የፍሬ ጣዕም ቀረ። ወይኑ ያው ነበር፤ የተለወጠው የእኔ አፍ ነው። ሦስተኛውን ጽዋ ሳነሣ ከዚያ ቀደም ስለ ወይን የማስበውን ግማሹን ትቼ ነበር።

እዚህ ላይ አስተያየቴን ልስጥ። «ደረቅ» የሚባለው ወይን በፍሬው ውስጥ የነበረው ስኳር ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ አልኮል ስለተለወጠ ነው። ስሙ ለእኛ ጆሮ አያምርም፤ ደረቅ ሰው፣ ደረቅ ቃል፣ ደረቅ እንጀራ ስንል ማሞገሳችን አይደለምና። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን አከብረዋለሁ። ስኳር ብዙ ነውር ይሸፍናል። ያልበሰለ ፍሬም ቢሆን፣ ያልታጠበ ዕቃም ቢሆን፣ ችኮላም ቢሆን ማር ሲጨመርበት ሊያልፍ ይችላል። ደረቅ ወይን ግን ነውሩን የሚሸፍንበት ነጠላ የለውም። ጥሩ ከሆነ ጥሩነቱ የፍሬው፣ የጋኑና የትዕግሥቱ ነው። እኛ ለንባብ የምንጨነቅ ሰዎች ይህን ከማንም ይልቅ ልናውቀው ይገባ ነበር። ስንት ግጥም አንብበናል፣ ቅጽሉ እንደ ስኳር ተነስንሶበት፣ ሲላስ ደስ ብሎ ሲውጡት ምንም የማይቀር! በመጀመሪያው ንባብ ፊታችንን አጨማድደን፣ በሦስተኛው የራሳችን ያደረግነው መጽሐፍ ደግሞ ስንት ነው!

የጆርጂያ ሰዎች ይህን ጣዕም ያቆዩት በቀላሉ አይደለም። በሶቪየት ዘመን ወይን የመንግሥት ፋብሪካዎች ሥራ ሆነ፤ ብዛት ዋናው መለኪያ ስለነበር ጋኑ በብረትና በሲሚንቶ ገንዳ ተተካ። ገበያውም ለጣፋጩና ለለስላሳው ያደላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጎርባቾቭ የመጠጥ ዘመቻ ሲያውጁ ብዙ የወይን ማሳ ተመነጠረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ከገበያዋ አገደች፤ እገዳው የተነሣው በ2013 ነው። ዋና ገበያቸው በአንድ ጊዜ ሲዘጋባቸው ወይን ጠማቂዎቹ ሌላ ደንበኛ ፍለጋ ወጡ። ያ ሌላው ደንበኛ የፈለገው ደግሞ በየትም የሚገኘውን ሳይሆን የእነርሱን ብቻ የሆነውን ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ጋኑ የት ነበር ቢባል፣ በየገበሬው ጓሮ ነበር። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለእንግዳ የሚሆን ወይን በየቤቱ በመሬት ውስጥ ይጣል ነበር። የባህል ሚኒስቴርና ሙዚየም ሊያድኑት የማይችሉትን፣ ሰው ለራሱ ብሎ የሚጠጣው ነገር አዳነው።

ስለዚህ «የስምንት ሺህ ዓመት ወይን» የሚለውን ማስታወቂያ ሳይ ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ነገሩ ሐሰት ሆኖ አይደለም። ከትብሊሲ በስተ ደቡብ ጋዳችሪሊ ጎራና ሹላቬሪ ጎራ በሚባሉ ሁለት ጥንታዊ መንደሮች የተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ተመርምረው የወይን ቅሪት እንደተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ተገልጿል፤ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 6000 ዓመት ገደማ ነው። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዕድሜ ጣዕም አይሆንም። በትብሊሲ በአንድ ምግብ ቤት «የጥንቱ ነው» ተብሎ የቀረበልኝ የጋን ወይን ሆምጣጤ ሆኖ ነበር። ጋኑ በደንብ ካልታጠበ፣ አፉ በደንብ ካልተመረገ፣ የስምንት ሺህ ዓመት ታሪክ አንድ ሊትር ወይን አያድንም። እኛም የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ እያልን የዛሬውን ሥራ ቸል ስንል የምንጠጣው ያንን ሆምጣጤ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጆርጂያውያን ማዕድ ላይ እንዲሁ አይጠጡም። «ታማዳ» የሚሉት የማዕዱ መሪ አለ፤ በእኛ የጽዋ ማኅበር ሙሴ እንደምንለው ያለ። እርሱ ተነሥቶ ሳይናገር ጽዋ አይነሣም። ለሰላም፣ ለአገር፣ ለሞቱት፣ ለልጆች፣ ለእንግዳ እያለ በተራ ይናገራል፤ ሁሉም «ጋውማርጆስ» ብሎ ይጠጣል፤ ድል ይሁን እንደ ማለት ነው። በዚያን ቀን ታማዳው አዛውንቱ ራሳቸው ነበሩ። ተራው ለእኔ ደርሶ ተናገር ስባል ወይኑን አመሰገንሁ። አዛውንቱ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥሎ ጽዋቸውን አንሥተው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። የልጅ ልጃቸው እንዲህ ተረጎመው፦ «እንግዳችን ወይኑን አመሰገነ፤ መልካም ነው። እኔ ደግሞ ጋኑን ለሠራው ሰው እጠጣለሁ።» ከዚያም የሠሪውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጠሩ። ከጋኖቻቸው ትልቁ በአያታቸው ዘመን የተቀበረ ነበርና የሚጠሩት ስም ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን ሰው ነው። «እኔ ብሞት ልጄ ወይን ይጥላል፤ እርሱ ባይኖር ግን የምንጥልበት አልነበረንም» አሉ። ሁሉም ተነሥቶ ጠጣ።

እኔም ተነሥቼ ጠጣሁ፤ ነገር ግን ወይኑ እንደገና ድዴን ያዘኝ። የአያቴ ጋን ትዝ ብሎኛልና።

አያቴ ጠጅ በመጣል የታወቁ ነበሩ። ትልቁ ጋናቸው በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ከጓዳው ጥግ ከጠጠር ላይ ይቀመጥ ነበር። ጋኑን የሸጠችልን ሴት ትዝ ትለኛለች። በገበያ ቀን ሸክላዋን ተሸክማ ረጅም መንገድ ተጉዛ ትመጣለች። ነገር ግን ከአጥር በመለስ አትገባም፤ ከግራሩ ሥር ትቀመጣለች። አያቴ ደግ ሰው ነበሩና ጠላ ይልኩላታል። ጠላው የሚላክላት ግን በተሰነጠቀ ቅል ነበር፤ ስትሄድም ቅሉ ይጣላል። ቅሉን ወስጄ የምጥለው እኔ ነበርሁ። «ዓይኗን አትመልከት» ተብዬ ተመክሬ ነበር። በአያቴ ዕድሜ ያሉትን ሴቶች ሁሉ እኛ ልጆች «እርስዎ» ብለን ስንጠራ፣ እርሷን ብቻ «አንቺ» እንላት ነበር። ማንም አልገሠጸንም።

ያ ጋን በየበዓሉ ይመሰገን ነበር። «እንዲህ ያለ ጋን ዛሬ የት ይገኛል!» ይባል ነበር። በዚያ ጠጅ ሠርግ ተደገሰበት፤ ቅኔ ዐዋቂዎች ቅኔ ተቀኙበት፤ ተዝካር ወጣበት። እኔ ግን በካኬቲ ማዕድ ላይ ቆሜ፣ ጽዋ ይዤ፣ የእኒያን ሴት ስም ልጠራ ስፈልግ አላገኘሁትም። ረስቼው አይደለም። ከቶ ጠይቄው አላውቅም።

ወደ ሰሟ ልመለስ። እኛ የግጥም ወዳጆች የምንኮራበት ትልቁ ስም «ሰምና ወርቅ» ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጡን በሰም ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በባዶው ቦታ ይፈስሳል። ባለቅኔው ምሳሌውን ከዚያ ወሰደ፤ አንጥረኛውን ግን «ጠይብ» ብሎ በሩቁ አቆመው። ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» አለው፤ ቆዳ ፋቂውንና ሸማኔውን ሌላ ስም አወጣለት። ከእጃቸው ምሳሌውንም፣ ጌጡንም፣ ጋኑንም፣ ሸማውንም ተቀበልን፤ ስማቸውን ግን አልተቀበልንም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። በጎንደር ዙሪያ በሸክላ ሥራቸው የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ከወገኖቻቸው ጋር በአብዛኛው ወደ እስራኤል ሄደዋል። ስድቡ ግን እዚሁ ቀርቷል፤ ዛሬም በጋብቻ ጊዜ «ዘራቸው ምንድን ነው?» ተብሎ በሹክሹክታ ሲጠየቅ እንሰማለን።

በሰሙ ውስጥ ወርቅ መፈለግ ጠቢብነት ነው እንላለን። እኔ የጆርጂያው ጋን ሌላ ነገር አስተማረኝ እላለሁ። እዚያ ሰሙ ቀልጦ አይወጣም፤ ከሸክላው ጋር ይኖራል። ወይኑን ጠብቆ ይይዘዋል፤ ራሱ ግን አይቀመስም። ባለ እጅ ሰው እንዲህ ነው። ጽሑፋችን ወርቁን ሲያወጣ የኖረውን ያህል፣ ሰሙን ማን እንደቀባው የሚጠይቅበት ጊዜ ደርሷል ባይ ነኝ። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ጀግኖቹ፣ ስለ ባለቅኔዎቹ ተጽፏል፤ ይጻፍ። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ሲጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትታዘንላት ሆና ነው፤ ዐዋቂ ሆና አይደለም። የትኛው አፈር ከየትኛው እንደሚቀላቀል፣ ስንት ቀን እንደሚያድር፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃው የምታውቀው እርሷ ናት። ያ ዕውቀት በማንኛውም ሚዛን ዕውቀት ነው።

ጆርጂያን ገነት አድርጌ እንዳላቀርብ ልጠንቀቅ። እዚያም ክቬቭሪ የሚሠሩት የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ በካኬቲ ቫርዲሱባኒ፣ በምዕራብ ደግሞ ሽሮሻና ማካቱባኒ በሚባሉ መንደሮች ይገኛሉ። ሥራው ከባድ ነው። ጭቃው እንደ ገመድ እየተጠቀለለ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይነሣል፤ የታችኛው ሳይጠነክር የላይኛው አይጨመርም። አንድ ትልቅ ጋን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ተተኩሶ ቢሰነጠቅ ያ ሁሉ ድካም ይጠፋል። ወጣቱ ከዚህ ይልቅ ከተማ ገብቶ ሌላ ሥራ ቢመርጥ የሚፈርድበት የለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ወይን የመሥራት ባህል በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ዝርዝር መዝግቦታል። መዝገቡ ደስ ያሰኛል፤ መዝገብ ግን ጭቃ አያቦካም። አንድ ክቬቭሪ በመሬት ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ሠሪው ግን አይቆይም። ወይን የሚጠጣው ሰው እየበዛ ጋን የሚሠራው እያነሰ ከሄደ፣ ይህ ሁሉ ውዳሴ የት ሊቀመጥ ነው?

በእኛም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። ዛሬ በብዙ ጠጅ ቤት የላስቲክ በርሜል የጋኑን ቦታ ይዟል። ርካሽ ነው፤ አይሰበርም፤ ጠማቂውን አልወቅሰውም። ጋን ሻጯን ከአጥር ውጭ አስቀምጠን፣ ልጆቿ ሙያዋን ጥለው ሲሸሹ፣ «የጥንቱ ጠጅ ጣዕሙ ጠፋ» ብለን የምናዝን ሰዎችን ግን እወቅሳለሁ። ራሴን ጭምር። አባቶቻችን «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ብለዋል። ምሳሌውን ስለ ትልቅና ትንሽ ስንጠቅሰው ኖረናል። ጋኑ ራሱ በማን እጅ እንደተደገፈ ግን አላነሣንም።

አዛውንቱ ሲሸኙኝ ከዚያው ከሳፔራቪ አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ። አገሬ ገብቼ በዘመድ መካከል ከፈትሁት። የመጀመሪያው ጉንጭ ሁሉንም አጨማደዳቸው፤ «ምነው ስኳር አልገባበትም?» ያለኝም ነበረ። ጥብስ እስኪቀርብ ታገሡ አልኋቸው። እስኪቀርብ ድረስም ስለዚያች ሴት ነገርኋቸው። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት አክስቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና አንድ ስም ጠሩ። «እንዲያ ነበር የሚሏቸው» አሉ፤ «ሏቸው» ብለው፣ በአክብሮት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የልጆቻቸውን ፈቃድ አልጠየቅሁምና። እኔ ግን አሁን አውቀዋለሁ።

ጥብሱ ቀረበ። ጽዋ አነሣን፤ ለጋን ሠሪዋ ጠጣን። ወይኑ እንደ ፊቱ ኮምጣጣ ነበር፤ ጎምዛዛም ነበር። ማንም ስኳር አልጠየቀም።